ከመንኮራኩሩ ያልተነሳው ሽማግሌ

ያፌት ሊያገባ መሆኑን የነገረኝ እራት ላይ ነው። «እሰይ» ብዬ ሳልጨርስ፣ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ሆነህ የምትሄድልኝ አንተ ነህ፤ የኪራይ ሽማግሌ አልልክም» አለኝ። የያዝኩትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለስኩት። በዛሬ ጊዜ ሽማግሌ ሆኖ መሄድ ማለት ሸክላ መሥራት ማለት ነው። እኔ ደግሞ የከተማ አውቶቡስ ሳሰማራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ እጄ ቁልፍ ከመጫን ሌላ ሙያ አያውቅም።

ያፌት የእህቴ ልጅ ነው። እናቱ ገና ድክ ድክ ሳይል ሞተችበት፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አላገባሁም፣ አልወለድኩም፤ እዚህ ምድር ላይ የእኔ የምለው እሱን ብቻ ነው። ስለዚህ «ኪራይ አልልክም» ሲለኝ አንጀቴን በላው፤ እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ።

ልጅቷ አርሴማ ትባላለች። ከፋሲካ ማግስት መሥሪያ ቤቷ አፋር ውስጥ ወደተሠራው የጨው ከተማ ሊልካት ነው። አግብታ ከሄደች የባልና ሚስት ቤት ይሰጣታል፤ ሳታገባ ከሄደች የሚሰጣት አንድ አልጋ ያለበት ክፍል ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ባል ቀርቶ ድመት አይገባም። ዐቢይ ጾም ከያዘ ሠርግ የለም። ስለዚህ ሽማግሌው ከቅበላ በፊት ሄዶ፣ ጠይቆ፣ እሺ መባል አለበት። አባቷ አቶ ቢኒያም ደግሞ ሰው ካልሆነ በር አይከፍቱም አሉ።

ሽማግሌ መከራየት ከተለመደ ቆይቷል። የኪራዩ ሽማግሌ ማሽን ቢሆንም ጋቢውን ተከናንቦ ይመጣል፣ በቦታው ላይ ያስላል፣ ለሁሉም ነገር ምሳሌ አለው፣ ብዙ ቢያቆሙት ወገቡን አይዘውም። የሴት ወገኖች መጀመሪያ ወደዱት፤ ኋላ ግን «የጠየቀን ማን እንደሆነ ሳናውቅ ልጃችንን ሰጠን» የሚል አቤቱታ በዛ። ስለዚህ ሽማግሌ ሁሉ ሰው መሆኑን ያሳይ ተባለ። በምን ያሳይ? ድምፅ ተቀድቷል፣ ፊት ተቀድቷል፣ አሻራ ተቀድቷል፣ ላብ እንኳ በጠርሙስ ይሸጣል። ሳይቀዳ የቀረ ነገር ሲፈለግ የተገኘው ጭቃ ነው። እናም ሽማግሌው በልጅቷ ቤት ሳሎን፣ ቤተሰቡ ዙሪያውን ተቀምጦ እያየው፣ በሚሽከረከረው መንኮራኩር ላይ አንድ ዋንጫ ያወጣል። ወሬ የሚጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። ድሮ ሦስት ሽማግሌ ይላክ ነበር አሉ፤ ዛሬ ሰው መሆኑ የታወቀ አንድ ከተገኘ ተመስገን ነው።

ቅድመ አያቶቻችን ሸክላ ሠሪን «ቡዳ ነው» እያሉ ከማዕድ ያርቁ ነበር። አሁን ደግሞ ሸክላ የማይሠራ ሰው አይደለም ተባለ። ዕድሜ ይስጥህ እንጂ የማታየው የለም።

በማግስቱ ወረዳችን አዳራሽ ሄጄ ለጎልማሶች በተከፈተው የጀማሪዎች ክፍል ገባሁ። አስተማሪያችን ወይዘሮ ቃልኪዳን ትባላለች። የጥርስ ሐኪም ነበረች፤ ሥራውን ማሽን ሲረከባት ወደ ሸክላ ዞረች። እጇ ፈጣን ነው፣ አፏ ከእጇ ይፈጥናል። አሁንም ሲጨንቃት «አፍዎን ይክፈቱ» ትላለች፤ ልማድ ነው፣ እኛም እንከፍታለን።

«ጭቃውን ሰሌዳው መሃል ላይ ይጣሉት። እጅዎን ያርጥቡ፣ ክርንዎን ከጎንዎ ያጣብቁ። ጭቃው ሲንገዳገድ አብረው አይንገዳገዱ» አለችኝ። አብሬ ተንገዳገድኩ። ጭቃዬ ከሰሌዳው ተነቅሎ አጠገቤ የነበሩትን የአቶ ሮቤልን መነጽር መታ። ይቅርታ ብላቸው፣ «ኧረ ምን ችግር አለ፣ ዋናው እርስዎ አለመጎዳትዎ ነው» አሉኝ። አቶ ሮቤል ለልጅ ልጃቸው ሽምግልና ሊሄዱ ነው የሚማሩት። ጭቃውን ከመነጽራቸው ጠርገው በክብር መለሱልኝ።

ጭቃውን መሃል ማስያዝ የሚሉት ነገር ወገቤን ቆርጦ ጣለው። ስገፋው ይገፋኛል፣ ስለቀው ይዘላል። ወንበሩን ወቀስኩ፣ ውሃውን ወቀስኩ፣ ጭቃው ራሱ የሞተ ጭቃ ነው አልኩ። ቤት ስገባ ያፌት ጥፍሬን እያየ ይስቃል። «ጋሼ፣ እርሻ ገባህ እንዴ?» ይለኛል። አንድ ቀን ግን ጭቃው እጄ ውስጥ ዝም አለ። ይዞራል፣ ግን አይነቃነቅም። እውነቴን ነው፣ ትንፋሼን ዋጥኩ። አውራ ጣቴን መሃሉ ላይ ጫን ባደርገው ተከፈተ። ግድግዳውን በጣቶቼ መሃል ይዤ ወደ ላይ ሳብ ባደርገው ቀና ብሎ ወጣ። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና አንድ የዘገዩ አዛውንት ገቡ።

«ኖር» ብዬ ተነሳሁ። ክፍሉ በሙሉ ተነሳ።

«በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ» አሉ ሰውየው።

ስቀመጥ ዋንጫዬ ተጠማዞ በጎኑ ተኝቷል። የሁላችንም እንደዚያው።

የክፍላችን በሽታ ይኸው ነበር። ሰው ሲገባ መነሳት ከእናት ጡት ጋር ጠብተነዋል፤ ሰውየው መንገድ ተሳስተው የገቡ እንኳ ቢሆኑ ተቀምጠን አንቀበልም። ወይዘሮ ቃልኪዳን በሩን ቆለፈችና «የዘገየ በመስኮት ይግባ፤ በመስኮት ለገባ አይነሳም» ብላ ደነገገች። ጉዳዩን በሻይ ሰዓት ተወያየንበት። አቶ ሮቤል «በመስኮት መግባት ይብስ ያደክማል፤ እንዲያውም ይበልጥ መነሳት ነው ያለብን» አሉ። ልክ ናቸው ተባለ። ከዚያ ወዲህ በመስኮት ለሚገባ ተነስተን ክንዱን ይዘን ማውረድ ጀመርን፣ ዋንጫ የሚባል ነገር ጠፋ። እሷም ተስፋ ቆርጣ ከአሮጌ ሚኒባስ የተፈታ የወንበር ቀበቶ አመጣችና አንድ በአንድ አሰረችን። ሰው ሲገባ ክፍሉ በሙሉ ብድግ ይላል፣ ቀበቶው ቁጭ ያደርገዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትለናለች። የቸኮለ ማን አለ? እኛ ጨዋ ሆነን ነው።

ጥምቀት አለፈና ቅበላ መቅረብ ጀመረ። ያፌት አንድ መንኮራኩር ተውሶ ሳሎናችን ውስጥ ተከለ። «እኔ ልግባ ልውጣ፤ አንተ እንዳትነሳ» አለኝ። ለእሱማ ምን አስነሳኝ፣ ልጄ ነው። ስለዚህ ጋቢ ተከናንቦ፣ ከዘራ ይዞ፣ ጎብጦ ገባ። ሳልወድ በግድ ተነሳሁ። ጥምጥም ጠምጥሞ የእንጨት መስቀል ይዞ ገባ። ተነስቼ ልሳለም ጎንበስ ስል ነው ጢሙ ጥጥ መሆኑን ያየሁት። ሆዳችንን ይዘን እየሳቅን ስንት ጭቃ አበላሸን። ከዚያ ግን እየለመድኩ መጣሁ። ባለከዘራውን ቻልኩ፣ ቄሱን ቻልኩ። በመጨረሻ ያፌት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የእናቴን ፎቶ አውርዶ ደረቱ ላይ ይዞ ገባ።

እናቴ በሕይወት ሳለች ስትገባ ተቀምጬ ጠብቄያት አላውቅም። ፎቶዋ በበሩ ገባ፣ መጣ፣ ፊት ለፊቴ ቆመ። ጣቶቼ ውልፍት አላሉም። ዋንጫው ቀጥ ብሎ ወጣ፤ አፉ ድፍን ክብ። ያፌት «በቃ ቻልከው» ብሎ አቀፈኝ፣ እኔም እንደ ልጅ ጨፈርኩ። ፎቶውን መልሰን ስንሰቅለው ግን አፈርኩ፤ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ለልጁ ብዬ ነው፣ እሷም ብትኖር ተቀመጥ ትለኝ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ቅበላ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ ጠዋት አቶ ቢኒያም ቤት ሄድኩ። ያፌት መታጠፊያው ጋ ቀረ፤ አግቢው ደጅ አይደርስም። እኔ ካባ ለብሻለሁ፣ ጥፍሬን እስከ ሥሩ ቆርጫለሁ። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው።

«ምን እግር ጣለዎት?» አሉኝ፣ እንደማያውቅ ሰው።

«ልጅ ልንለምን መጥተናል» አልኩ። ብቻዬን ብሆንም ሽማግሌ በብዙ ነው የሚናገረው።

«እንግዲህ መጀመሪያ እንተዋወቅ» ብለው ወደ ሳሎን አስገቡኝ።

ቤተሰቡ በሶፋው ላይ ተደርድሯል። አርሴማ ወጉ ነውና ጓዳ ናት። መንኮራኩሩ መሃል ላይ ተቀምጧል፣ ከሥሩ ያማረ ምንጣፍ። ተቀመጥኩ፣ እጄን አረጠብኩ፣ ጭቃውን ጣልኩት። ወዲያው መሃል ያዘ። አክስቷ ነች መሰለኝ፣ «ወይ ጉድ» አለች በቀስታ። ከፈትኩት። ግድግዳውን መሳብ ስጀምር የጓዳው በር ተንቋቋና የአቶ ቢኒያም እናት፣ እማማ ፌቨን፣ ከዘራቸውን እየመቱ ገቡ። ዘጠናን ያለፉ ይመስለኛል።

«ኖር» አለ ቤቱ፣ ሁሉም ተነሳ።

አየኋቸው፣ አላየሁም አልልም። ጉልበቴ ሊነሳ ሲል ያዝኩት። ያፌት፣ ያፌት እያልኩ በልቤ፣ ግድግዳውን ሳብኩት። ወጣ። እንደዚያ ያለ ዋንጫ ወይዘሮ ቃልኪዳንም አውጥታ አታውቅም። መንኮራኩሩን አቁሜ ቀና አልኩ፣ ፊቴ በፈገግታ ተሞልቶ።

«በእግዜር» አሉ እማማ ፌቨን ለሁሉም፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

አቶ ቢኒያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጌታዬ፣ የየትኛው የሽማግሌ ኪራይ ቤት ነዎት?»

«ምን አሉኝ?»

«እናቴ ስትገባ ቁጭ ብሎ የጠበቃት ሰው እስከዛሬ አላየሁም።»

ያን ጊዜ ዘልዬ ተነሳሁ። «ኖር፣ ኖር እማማ» አልኩ። ከእጄ ጭቃው ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ።

«ዘገየ» አለች አክስቷ። «ኔትወርክ ነው።»

ሰው ነኝ አልኳቸው። ስሜ ኪሩቤል ነው፣ ሰፈሬ እዚህ ነው፣ አውቶቡስ ሳሰማራ ነው የኖርኩት አልኩ። «ይህን ሁሉ ጭነውባቸው ነው የሚልኳቸው» አሉ አቶ ቢኒያም፣ እኔን ሳይሆን ሶፋውን እያዩ። እንዳልነሳ የተማርኩት ዋንጫው እንዳይወድቅ ብዬ ነው አልኩ። «አዎ፣ ሰውማ ይጥለዋል» አሉ። እንባዬ መጣ። «እንባ ካወጡ ቆይተዋል፤ አሁን ንፍጥም አላቸው» አለች አክስቷ። ዋንጫዬን አንስተው ተቀባበሉት፤ ሲያዞሩት አይወዛወዝም። ያንን ሲያዩ ጭራሽ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እማማ ፌቨን ብቻ ጠጋ ብለው ትከሻዬን ዳበስ አደረጉኝ። «አይዞህ የኔ ልጅ። አንተ ምን ታደርግ፣ ጥፋቱ የላከህ ነው። በል ቻርጅህ ሳያልቅ ቤትህ ግባ» አሉኝ። ከስድቡ ሁሉ ይልቅ ያቃጠለኝ ይህ ደግነታቸው ነው።

ያፌት መታጠፊያው ጋ ቆሞ ጠበቀኝ። «ምን አሉ?»

«ማሽን ነህ አሉኝ።»

ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወው። ሁሉንም ነገርኩት። አንዴ ማሽን ተብሎ የተሸኘ ሽማግሌ ወደዚያው ቤት አይመለስም፤ ይህን እሱም ያውቃል። ለምን አልተነሳህም ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፤ ግን አላለኝም፣ ያስለመደኝ እሱ ራሱ ነውና። ጫማውን ያይ ጀመር። ይህን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኖ የማልችለውን ነገር ሲፈልግ እንዲሁ ጫማውን ያይ ነበር።

«ና፣ ኪራይ ቤት እንሂድ» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ ኪራይ አልልክም ብዬሃለሁ።»

«ብለሃል። አርሴማን እዚያ ጨው ከተማ የሚያገባት ሌላ ሰው ይምጣ? ተነስ ይልቅ።»

ኪራይ ቤቱ ውስጥ ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። እንደገባን ሁሉም «ኖር» ብለው ተነሱ፣ እኔም ሳላስበው «በእግዜር» አልኩ። ባለቤቱ ቀጠን ያለ ሰው ነው። «የሰው ወግ ያለው እፈልጋለሁ» ብለው፣ «ሁሉም በጭቃ ተፈትነው ሰው ናቸው ተብለዋል» አለኝ ቅር ብሎት። አቶ ወልደሰንበት የሚባሉትን ጠራልን። አቶ ወልደሰንበት መንኮራኩሩ ላይ ተቀምጠው፣ ትንሽ አቃስተው፣ ወደ ግራ ዘመም ያለች ዋንጫ አወጡ። ባለቤቱ ያፌትን ወጥተህ ግባ አለው። ሲገባ አቶ ወልደሰንበት ብድግ አሉ፤ ዋንጫዋ ተደፋች፣ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ በጭቃ ተለወሰ። ሱሪያቸውን አይተው፣ «እሱ ጭቃ መጀመሪያውኑ ውሃ በዝቶበታል» አሉ።

ከቀበቶው በፊት እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ቅናት ነው የያዘኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስለ ያፌት ነገርኳቸው። ሽማግሌ የሚጠየቀውን ሁሉ ማወቅ አለበትና። ለማንም ያላወራሁትን አወራሁ፤ ትኩሳት ሲይዘው እጄን ግንባሩ ላይ ካላደረግኩ እንደማይተኛ፣ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ለእኔ መነጽር ገዝቶ የራሱን ጫማ እንደረሳ፣ ሲዋሽ አፍንጫውን እንደሚነካ። አቶ ወልደሰንበት አያቋርጡም። አንዳንዴ «እህህ» ይላሉ፤ ደህና አድርገው ነው የሚሉት። ያፌት ተሰላችቶ ውጭ ወጥቷል። ሲመሽ አቶ ወልደሰንበት ጋቢያቸውን አስተካክለው አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«በልጁ የምኮራው እንዴት አድርጌ ነው? በቃል ነው ወይስ ዝም ብዬ?»

«ዝም ብለው» አልኳቸው።

«ገባኝ» አሉና ዝም አሉ። ያችን ዝምታ ከየት እንዳመጧት እንጃ፣ የራሴው ናት። ተነስቼ ወጣሁ፤ እዚያ ማልቀስ አልፈለግኩም።

በማግስቱ እኔና ያፌት መኪና ውስጥ መታጠፊያው ጋ ቁጭ ብለን ጠበቅን። አቶ ወልደሰንበት ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። ያፌት ጥፍሩን ይበላል፣ እኔ መስኮቱን እከፍታለሁ እዘጋለሁ። «ይነሳ ይሆን ጋሼ?» አለኝ። «ይነሳል፣ እሱ ጨዋ ነው» አልኩት። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከዚያ ግቢው ውስጥ እልልታ ተሰማ፤ የአክስቷን ድምፅ ለየሁት። ያፌት ክንዴን ጨብጦ ይዞኝ ቀረ፤ እኔም እጄን እጁ ላይ አደረግኩ። ደስ አለኝ። ሆዴ ውስጥ ያለው ሌላ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ በእውነት ደስ አለኝ።

አቶ ወልደሰንበት ቀስ እያሉ መጡ። ጉልበታቸው ላይ ጭቃ አለ፤ አሮጊቷ ገብተዋል ማለት ነው።

«ሰጥተውናል» አሉ።

ያፌት በሩን ከፍቶ ሮጠ። ሄዶ እግራቸው ሥር ተደፋና ጉልበታቸውን ሳመ፣ ጭቃውን ሳይጸየፍ፣ አንዱን ከዚያም ሌላውን። አቶ ወልደሰንበት በትከሻው ይዘው አነሱት፤ ዓይን ዓይኑን አዩት እንጂ አንድ ቃል አልተናገሩም። ልጁ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እኔም ከመኪናው ወረድኩ። ሱሪዬን ጉልበቱ ላይ አራግፌ ተራዬን ጠበቅኩ።